አምስቱ ማብሪያዎች

ባለፈው ግንቦት ዕቃ የሚያጓጉዝልኝ ሰው ፍለጋ ፀዳ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገብቼ ነበር። ባለጋራዡ ስልክ አውርቶ እስኪጨርስ ስጠብቅ፣ በግቢው ጥግ ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጌ ትንሽ ማኪና አየሁ። እጄ ቀድሞኝ በሩን ከፈተው። ፀሐይ ያደረቀው የወንበር ፕላስቲክ፣ የቤንዚን፣ የአይጥና የዝገት ሽታ ተቀላቅሎ ወጣና አፍንጫዬን ሞላው። በሩን መልሼ ዘጋሁ። ባለጋራዡ «እትዬ፣ ምን ፈልገው ነበር?» እያለ ሲጣራ ከግቢው ወጣሁ።

ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አምስተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነው።

ያኔ የምኖረው ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ በእናቴ ታላቅ ወንድም በአያ ደሳለኝ ቤት ነበር። አባቴን አላውቀውም። እናቴ ሳንጃ ወርዳ የሰሊጥ ሠራተኞች የሚበሉባት አንዲት ምግብ ቤት ከፍታ ነበር፤ ሰው «ዓለም ቤት» ይላታል፣ በእናቴ ስም። ቆላው ለልጅ አይሆንም፣ ወባው አይምራትም ተባለና እኔ ደጋ ቀረሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ በአውቶቡስ ሾፌሮች እጅ አንድ ነገር ትልክልኛለች፤ አንዳንዴ ሰሊጥ፣ አንዳንዴ ደብተር፣ አንዳንዴ ጫማ። የምትልከው ጫማ ሁልጊዜ ከእግሬ ሁለት ጣት ይበልጣል። «ታድግበታለች» ትል ነበር አሉ። እኔም ጫፉ ላይ ጨርቅ እየወተፍሁ እጎትተዋለሁ።

ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ልትመጣ ነበር። በሰኔ ግን ታይፎይድ ጣለኝ፤ እሷም የሰሊጥ ዘር ጊዜ ሆኖባት ወዲያው አልደረሰችም። ተኝቼ ካሳለፍሁት ጊዜ የማስታውሰው ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብና የአያ ደሳለኝ ሚስት እትዬ ደብሬ በማንኪያ የምታጎርሰኝን አጥሚት ብቻ ነው። ሐምሌ ገብቶ ከአልጋ ስነሣ ጉልበቴ አልጸናልኝም፤ ጠጉሬም በእፍኝ እየወጣ ይረግፍ ነበር። ነርሷ አያ ደሳለኝን «ድካምም ድንጋጤም እንዳይደርስባት» ስትለው ሰማሁ። ድንጋጤ ያለችው ነጎድጓዱን መሰለኝ። ስለዚህ ሰማዩ በጮኸ ቁጥር ጆሮዬን በሁለት እጄ እደፍን ነበር።

በዚያው ሰሞን አያ ደሳለኝ ሁለት ቀን ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን መጣ። ራሱን ተላጭቶ ነበር።

«አያ፣ ምነው ጠጉርህን?» አልሁት።

«ፎረፎር በላኝ» አለ።

ሳቅሁበት። «እንቁላል መሰልህ!» አልሁት። እትዬ ደብሬ ከጓዳ ሆና «ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸችብኝ። እሱ እጁን አነሣና «ተያት፣ ትሳቅ» አላት። መላጣውን በመዳፌ ደባበስሁት። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እስክጠግብ ድረስ ተወኝ።

በማግሥቱ የማኪናዋን በር ከፈትን።

ማኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ከባሕር ዛፍና ከቆርቆሮ በተሠራ ጥላ ሥር የምትቆም፣ የወተት ቀለም ያላት ጣሊያን ሠራሽ ነበረች። አያ ደሳለኝ ዕድሜውን በሾፌርነት ጨርሶ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። በደኅናው ጊዜ ሙሽሮች ይጫኑባት ነበር። ዳሽቦርዷ ላይ፣ ከመሪው በስተቀኝ፣ አምስት ክብ ማብሪያዎች ተደርድረዋል፤ የፊት መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የውስጥ መብራት፣ የነፋስ ማራገቢያ፣ አምስተኛው ደግሞ ምን እንደሚሠራ አያ ደሳለኝ ራሱ አያውቅም። አንዱም በቦታው የረጋ አልነበረም። ሲያዞሩት አብሮ ይዞራል፣ ጫን ሲሉት ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ የነፋሱማ ጭራሽ ወደ ኋላ ወድቆ በሽቦው ተንጠልጥሏል።

«እጅሽን አሳዪኝ እስቲ» አለኝ። ዘረጋሁለት። በሽታው ሥጋውን በልቶት አጥንት ብቻ ነበር። አገላብጦ አየውና «ሸጋ እጅ ነው። የእኔ መዳፍ እዚያ ውስጥ አይገባም» አለ።

ሥራው ለመናገር ቀላል ነው። እያንዳንዱን ማብሪያ ከፊት በኩል ቀለበት የመሰለ ዳዶ ይይዘዋል። ዳዶው ሲላላ ማብሪያው ይዋልላል። እሱን ለማጥበቅ ግን አንድ እጅ ከዳሽቦርዱ ኋላ ገብቶ ማብሪያውን ጭምድድ አድርጎ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሁለቱም አብረው ይዞራሉ። እኔ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ እጄን በሽቦዎቹ መካከል እሰዳለሁ፣ እሱ ከላይ በፒንሳ ያጠብቃል። ቀዳዳዎቹ ከዘመን ብዛት ሰፍተው ስለነበር፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ሳንቲም የሚያክል ላስቲክ እየቆረጥን፣ መሐሉን እየበሳን ከዳዶው ሥር እናገባበት ነበር። ላስቲኮቹን የምቆርጠው እኔ ነኝ። የእኔ መሆናቸው እንዲታወቅ በእያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ ትንሽ መስቀል አደርግበታለሁ።

የመጀመሪያው ማብሪያ ሲጠብቅ ባትሪውን አገናኘና «አብሪው» አለኝ። አዞርሁት። የፊት መብራቶቹ የጠዋቱን ጭጋግ በስተው አጥሩን ቢጫ አደረጉት። አያ ደሳለኝ አጨበጨበልኝ። ከዚያ በፊት የሚያጨበጭብልኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

«አምስቱም ሲጠብቁ ምን እናደርጋለን?» አልሁት።

መልሱን ሲናገር ወደ እኔ አላየም። «እናትሽ ጋ እንሄዳለን» አለ።

የማኪናዋ ሞተር ከሦስት ዓመት ወዲህ ተነሥቶ እንደማያውቅ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። እኔ ግን አላውቅም። መብራቷ ከበራ ትሄዳለች ብዬ አመንሁ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ወደደኝ። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሴቶቹ ወረፋቸውን ይለቁልኛል። ባለሱቁ ሳልጠይቀው ከረሜላ እጄ ላይ ያደርግልኛል። አንዳንዷ አገጬን ይዛ ታየኝና «ምስኪን» ብላ ዓይኗን ታብሳለች። ምስኪን የተባልሁት ስለከሳሁ መሰለኝ፤ የተወደድሁት ደግሞ ማኪና ሠሪ ስለሆንሁ። ጥቁር ቅባት የነካውን እጄን ሳልታጠብ በሰፈር እያዞርሁ አሳይ ነበር።

ችግሩ፣ ማብሪያዎቹ እንደገና መላላታቸው ነው። ሦስተኛውን አጥብቀን ስናድር የመጀመሪያው ጠዋት ሲዋልል እናገኘዋለን። የመጀመሪያውን ስንመልስ ሁለተኛው ወደ ኋላ ይወድቃል። ላስቲኩም አይገኝም።

«ምነው አያ፣ ትናንት ጠብቆ አልነበር?»

«ብርድ ነው። ብረት ክረምት ሲሆን ይላላል።»

«ላስቲኩስ?»

«አይጥ ናት።»

አመንሁት። ግን ደግሞ ጥፋቱ የእጄ ነው ብዬ አሰብሁ፤ ታምሜ ጉልበት አጥሮኝ በደንብ ስለማልይዝ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ሥር ሁለት ክብ ድንጋይ አንሥቼ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ድረስ እጨብጥ ጀመር። ለእናቴ ስል ነው። አንድ ዳዶ በደንብ ባለመያዜ እሷ እዚያ ቆላ ውስጥ ብቻዋን እንደምትቆይ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ቀን አያ ደሳለኝ ከገበያ ሲመለስ ቢጫ ጫማ ይዞ መጣና «እናትሽ ላከችልሽ» አለኝ። ስለካው ለእግሬ ልክ ነው። ጨርቅ መወተፍ አላስፈለገውም። «እናቴ ልኬን አወቀች!» ብዬ በግቢው ዞርሁ። እትዬ ደብሬ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ፀዳ ዘመድ ቤት ዝክር አለ ተባለና ሦስታችንም ሄድን። ዳስ ተጥሏል፣ ቄሶች ተሰብስበዋል። ጸሎቱ ላይ «ወለተ ኪዳን» የሚል ስም ደጋግመው ሲጠሩ ሰማሁ።

«ወለተ ኪዳን ማናት?» ብዬ አያ ደሳለኝን በሹክሹክታ ጠየቅሁት።

«አንዲት ዘመዳችን» አለኝ።

ሥጋ ወጥ ነበር። ከበሽታው ወዲህ የምግብ ፍላጎቴ የተከፈተው ያን ቀን ነው፤ ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ። ከጎኔ ለተቀመጡ ሽማግሌ ስለማብሪያዎቹ አወራኋቸው፤ ሽቦ የቧጨረውን ክንዴን አሳየኋቸው፤ አምስቱም ሲጠብቁ ወደ እናቴ እንደምንሄድ ነገርኋቸው። ሽማግሌው ጉርሻቸውን እንደያዙ ተነሥተው ከዳሱ ወጡ። በርበሬው የበዛባቸው መስሎኝ ውኃ ልወስድላቸው ተከተልኋቸው።

ወለተ ኪዳን የእናቴ የክርስትና ስም ነበር። የእናቴን ተዝካር አስጨምሬ በልቼ፣ ጠግቤ፣ በአያ ደሳለኝ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ወደ ቤት የተመለስሁት።

ጳጉሜ የገባ ቀን እትዬ ደብሬ ከጎረቤት ልጅ ጋር ወፍጮ ቤት ላከችን። ወፍጮ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ስለነበር እህሉን እዚያው አስቀምጠን ቶሎ ተመለስን። ግቢ ስገባ የማኪናዋ በር ገርበብ ብሏል። አያ ደሳለኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጦ፣ ፒንሳውን ይዞ የፊት መብራቱን ዳዶ ወደ ግራ ያዞራል። ያን ዕለት ጠዋት ያጠበቅነው ነው። ፈትቶ ሲጨርስ ላስቲኩን አወጣና ጉልበቱ ላይ ካሉት ሌሎች ላስቲኮች ጋር አስቀመጠው። የእስክሪብቶ መስቀሎቼ ካለሁበት ይታዩኛል። ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር።

የሚስቅብኝ መሰለኝ።

ድምፅ ሳላሰማ ወደ ኋላ ተመለስሁና አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። አያ ደሳለኝ እናቴ ጋ ሊወስደኝ አይፈልግም፤ እዚህ አስቀርቶ ሊያሠራኝ ነው፣ ወይም እናቴን ይጠላታል። ሌላ ምክንያት አልታየኝም። ያን ቀን ማታ ሲጠራኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

አያ ደሳለኝ ካረፈ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው እንጂ ይቅር ስላልሁት አይደለም።

በማግሥቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብዬ ወጣሁና ቁልቁል ወደ መናኸሪያው ሄድሁ። ቢጫ ጫማዬን አድርጌያለሁ። ሾፌሮቹ እናቴን ስለሚያውቋት በነፃ ይጭኑኛል ብዬ ተማምኛለሁ። መናኸሪያው ጭቃ በጭቃ ነበር፤ ረዳቶቹ የየአገሩን ስም እየጠሩ ይጯጯኻሉ። ከረጢቷ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ አየሁና የሳንጃው ማኪና የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እኔም ወደዚያው ነኝ፣ ገና አልመጣም። ማን ጋ ነው የምትሄጂው?»

«እናቴ ጋ። ዓለም ቤት።»

ሴትዮዋ ከከረጢቷ ላይ ተነሣች። «የዓለም ልጅ ነሽ? ውይ የኔ እናት! ምነው ብቻሽን ላኩሽ? እግዜር ያጥናሽ። እኔም ቀብሯ ላይ ነበርሁ።»

«የማን ቀብር?» አልኋት።

«የእናትሽ።»

«እናቴ አልሞተችም። ሌላ ዓለም ትሆናለች።»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያን ጊዜ ዝም ብትል ይሻል ነበር፤ ግን ደንግጣ ስለነበር የምታውቀውን ሁሉ ተናገረች። «አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት የሆነ... ወባ ነው አሉ፣ በአራት ቀን ነው የሄደችው። ሐምሌ ላይ። ወንድሟ መጥቶ ቀበራት፤ ረዥሙ፣ ሾፌሩ። እዚያው መቃብሯ ላይ ራሱን ተላጨ። አልነገሩሽም?»

አልነገሩኝም። ጭቃው ላይ እንደቆምሁ እግሬን አየሁ። ጫማው ልኬ ነው።

ለምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደቆየሁ አላውቅም። ሴትዮዋ ከረጢቷ ላይ አስቀምጣኝ እጄን ይዛ ታለቅሳለች፤ እኔ አላለቅስም። የሳንጃው ማኪና መጥቶ ሰው ይሳፈር ጀመር። አያ ደሳለኝ ቤተ ክርስቲያን ፈልጎ ቢያጣኝ በሩጫ ደረሰ፤ ቆቡ ወልቆ የሆነ ቦታ ቀርቷል፤ በራሱ ላይ አጭር ሽበት በቅሏል። ሴትዮዋን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ገባው።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

መጀመሪያ የተናገረው ይህን ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ብሎኛል፤ የማስታውሰው ግን ይህን ነው።

ከከረጢቱ ላይ ተነሥቼ ሴትዮዋን በጣቴ አሳየሁት። እሷ «እኔ የምታውቅ መስሎኝ ነው፤ በእመብርሃን ይቅር በሉኝ» እያለች ከረጢቷን እየጎተተች ሄደች።

ወደ ቁስቋም ሽቅብ ስንወጣ ዝናብ ያካፋ ነበር። እጄን ሊይዝ ሞከረ፤ ነጠቅሁት።

«ለምን ትፈታው ነበር?» አልሁት።

«ሲያልቅ እንሄዳለን ብዬሽ ነበራ» አለ።

ሽቅቡን ቀጠልን። ከዚያ ትንፋሹ ስላጠረው አንድ ግንብ ሥር ቆመ። «ታመሽ ነበር፣ የሺ። ትንሽ ትጠንክር አልን። ከዚያ ፍልሰታን ትጹም አልን። ከዚያ እንቁጣጣሽን አናበላሽባት አልን። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ እነሣለሁ፤ እጅሽን ዳሽቦርዱ ውስጥ ከትተሽ እየዘፈንሽ ሳገኝሽ...»

«አንተ ትስቅ ነበር» አልሁት። «ትናንት አይቼሃለሁ።»

አየኝ። ከግንቡ ተላቆ መንገዱን ቀጠለ።

ቤታችን አጠገብ ስንደርስ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። «አንድ ነገር ልለምንሽ። ከእንግዲህ አይቆይም፤ ነገ ጠዋት ቄሱና ዘመዶች መርዶ ይዘው ይመጣሉ። መናኸሪያ መሐል ከማይታወቅ ሰው አፍ እንደሰማሽ ካወቁ ምን ይሉኛል? እህቱን ቀበረ፣ ልጇን መያዝ አቃተው ነው የሚሉኝ። እስኪነግሩሽ ድረስ እንዳልሰማሽ ሁኚልኝ።»

እሺ አልሁት። ለምን እሺ እንዳልሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሌላ የምገባበት ቤት ስላልነበረኝ ይመስለኛል።

ያን ቀን ዋልን። እትዬ ደብሬ ምሳ አቀረበች፤ በላሁ። ጠጉሬን ሠራችኝ፤ ዝም ብዬ ተሠራሁ። ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ከሦስታችን አንዳችንም አላነሣንም።

ጎሕ ሲቀድ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ነቅቼ ነበር፤ ግን ዓይኔን ጨፈንሁ። እትዬ ደብሬ ቀስቅሳ ፊቴን አሳጠበችኝና ወደ ሳሎን አወጣችኝ። ሰዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ተዝካሩ ላይ ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌም አሉ። አያ ደሳለኝ በሩ ሥር፣ ከሁሉም ኋላ ነበር። ሲያየኝ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ቄሱ ስለ አዳምና ስለ ሞት ረዘም አድርገው ተናገሩ። እኔ የሚሉትን ሳልሰማ፣ መቼ መጮኽ እንዳለብኝ እጠብቅ ነበር። «...እናትሽ ዓለም አርፋለች፣ ልጄ» ሲሉ ጮኽሁ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ አይቼ ስለማውቅ ትልልቆቹ ሴቶች የሚያደርጉትን አደረግሁ፤ ደረቴን መታሁ፣ «እናቴን!» አልሁ፣ ሴቶቹ በሚይዙኝ በኩል ወደቅሁ። ለመውደቂያ የሚሆነኝን ቦታ አስቀድሜ አይቼ ነበር። አቀፉኝ። አንዷ ጆሮዬ ሥር «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ትለኛለች። ሌላዋ «ይኸው ወጣላት፣ ተመስገን» አለች።

ያን ጊዜ ከበሩ በኩል ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ መጣ። አያ ደሳለኝ ነው። ክረምቱን ሙሉ እኔ እንዳልሰማ ብሎ ያልጮኸውን አሁን ይጮኸው ጀመር። «ዓለሜን! እህቴን!» እያለ ግንባሩን ከመቃኑ ጋር ሲያጋጭ ወንዶቹ ሮጠው ያዙት፤ አልቻሉትም። እኔን አቅፈውኝ የነበሩት ሴቶችም ለቀውኝ ወደ እሱ ሄዱ። ቤቱ ሁሉ ከእሱ ጋር አለቀሰ።

እኔ መሬት ላይ እንደተቀመጥሁ ቀስ ብዬ ዝም አልሁ። እትዬ ደብሬ ትከሻዬ ላይ ባደረገችልኝ ነጠላ ፊቴን ጠረግሁ። ደረቅ ነበር። ማንም አላየኝም።